የቦርኬቴይ ጥሩምባ

ቦርኬቴይ በጋናው የቴማ ወደብ ክሬን ላይ ተቀምጦ ኮንቴይነር ሲያወርድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ማምሻውን የመጨረሻውን ጭነት ሲያነሳ የክሬኑን ጥሩምባ ሁለቴ ይነፋ ነበር። ከወደቡ አጥር ማዶ፣ በዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር፣ እናቱ አሼሌይ ድምፁን ስትሰማ "እሰይ፣ በሰላም ዋልክልኝ" ትልና ድስቷን ትጥዳለች። ባሏን ባሕር ወስዶባታል፤ ልጇን በየምሽቱ ከዚያ ጥሩምባ ትረከበዋለች።

ዓምና ኩባንያው ክሬኖቹን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አስረከበ። ማሽኑ ከሰፈሩ ዓመታዊ የመከር በዓል ማግስት እስከ ገና የቦርኬቴይን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እየቀዳ ሥራውን ተማረ። ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ አይካድም። የማምሻውን ጥሩምባ እንኳ የሥራው አንድ ክፍል መስሎት ቀድቶታል። ቦርኬቴይ አሁን ቢሮ ቁጭ ብሎ ክሬኖቹን በስክሪን ይጠብቃል። ደመወዙ አልተነካም፤ ክብሩ ግን ተነክቷል። ለእናቱ መንገር ከበደው። ጥሩምባው እንደሆነ በየምሽቱ ይጮኽለታል፤ ዛሬ ነገ ሲል ከረመ።

ከዚያ የዝምታው ወር ገባ። ለበዓሉ የተዘራው እህል እስኪበቅል በሰፈሩ ከበሮ አይመታም፣ ሙዚቃ አይከፈትም። የመርከቦቹን ጩኸት ማንም አይቆጥረውም፣ የባዕድ ነው፤ ያ ጥሩምባ ግን የሰፈሩ ልጅ ነው። ቦርኬቴይም በዚህ ወር ነክቶት አያውቅም። ማሽኑ ሲማር ይህን ወር አላየውም፣ ቦርኬቴይም ልንገረው ብሎ አላሰበም። በመጀመሪያው ምሽት ጥሩምባው ሁለቴ አምባረቀ።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሽማግሌ አታ ሶዋ የአሼሌይና የልጇ ደጃፍ ላይ ተገኙ።

"አንተ ልጅ፣" አሉ በርጩማው ላይ እየተመቻቹ፣ "አገር ዝም ሲል አንተ ምን ቤት ነህ?"

"አታ፣ ልጄ ባለጌ አይደለም፣" አለች አሼሌይ። "እጁን አዳልጦት ነው። ለአማልክቱ የሚፈሰውን መጠጥ እኔ እገዛለሁ፣ ይማሩት።"

አዎ አዳልጦኝ ነው ቢል ነገሩ በአንድ ጠርሙስ ያልቅ ነበር። ግን እናቱ ለማታውቀው ማሽን ስትለማመጥ ማየት አንገበገበው።

"እኔ አይደለሁም፣" አለ። "ክሬኑን ትቻለሁ። ከገና ጀምሮ የሚነፋው ማሽኑ ነው።"

አታ ሶዋ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። "እንግዲያው ማሽኑን ጥራልን፣ እሱን እንቅጣ።"

አሼሌይ አልሳቀችም።

"ከገና ጀምሮ?" አለች። "ታዲያ እኔ በየምሽቱ ስመልስ የከረምኩት ለማን ነው?"

ቦርኬቴይ በዚያ ዕድሜው እንደ ሕፃን አፈረ።

ቢሮ እንደገባ የኩባንያውን መሐንዲስ ለምኖ ጥሩምባውን ከማሽኑ ሥራ አስወጣ። የዚያን ዕለት ወደቡ ያለዚያ ጥሩምባ አመሸ፤ አሼሌይም ባዶ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ቀረች። ቦርኬቴይ ከሥራ በቀጥታ መጣና የበሩን መቃን በጣቱ ሁለቴ መታ።

"ቀስ በል እንጂ፣" አለችው ከውስጥ። "ወሩ መች አለቀ?"

በሩ ላይ እንደቆመ ድስቱ ሲጣድ ሰማ።