የትርፌ ጉድጓድ

ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከዚህ ልጀምርና ይውጣልኝ።

እናቷ የእናቴ ታናሽ እህት ነበረች። እሷ በሞተች በሳምንቱ እናቴ ልጅቷን ልታመጣ ስትሄድ እኔና ወንድሜም ተከትለናት ሄድን። ስንመለስ ሦስት ሰው በሚይዘው የታክሲው የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበቅን። ረዳቱ ዞር ብሎ ቆጠረንና «ትርፍ አለ! ትርፍ አልጭንም፣ ፖሊስ ፊት ለፊት ቆሟል» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ «አንዷን እቀፏት» አለ። እናቴ ልጅቷን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እግሯ ረዝሞ የኔ ጉልበት ላይ አረፈ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የእናቴ ጭን ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ የኔ ነበር። ወደ ልጅቷ ጆሮ ተጠግቼ «ትርፍ» አልኳት።

ቤት እስክንደርስ ወንድሜ ለመደው። ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ሳይቀር «ትርፌ፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ» ማለት ጀመረ። እሱ ሲላት ለፍቅር ነው። እኔ ስላት ለምን እንደሆነ ግን እሷም እኔም እናውቀዋለን።

ይህን ለሰው ስናገር «ተይው፣ ልጅነት ነው» ይሉኛል። ልጅነትም እንደ አህያ ነው፤ ሁሉም የራሱን ይጭንበታል። እኔ ግን የማደርገውን አውቅ ነበር።

አንድ ጊዜ አባቴ የሥራ እድገት አገኘና ደስ ብሎት ሁላችንንም ፎቶ ቤት ወሰደን። ፎቶ አንሺው አምስታችንን ደርድሮ፣ አገጫችንን ቀና አድርጎ፣ ሊያነሳን ሲል «እሷ የኛ ልጅ አይደለችም» አልኩ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ግን ቃል ከአፏ ሳይወጣ ትርፌ ራሷ ከመሃል ወጣች። «እኔ የጋሼን ኮት ልያዝ» አለች፣ የለመደችው ሥራ ይመስል። ፎቶው ዛሬም ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። አራታችንም ካሜራውን ትተን ወደ አንድ ጎን እያየን ነው። እዚያ ጋ የቆመችው እሷ ነበረች፣ የአባቴን ኮት ታቅፋ።

እናቴ ትያትር ቤት ትኬት ቆራጭ ነበረች። ከፎቶው በኋላ ትርፌን እኛ ጋ ትታ መሄድ አላስቻላትም መሰለኝ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ይዛት ትሄድ ጀመር። ልጅቷ ትኬት መቁረጫው ክፍል ውስጥ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ክፍሉ ሲጠባት አዳራሹ ውስጥ ገብታ ልምምድ ታያለች። ትንሽ ሲቆይ ደግሞ የት እንደምትገባ እናቴም አታውቅም ነበር።

የምትገባው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከመድረኩ ጫፍ መሃል ላይ አንዲት ወንበር ብቻ የምትይዝ ጉድጓድ ነበረች፤ በተመልካቹ በኩል በእንጨት ክዳን ተሸፍናለች፣ በተዋናዮቹ በኩል ክፍት ናት። አስታዋሹ እዚያ ተቀምጦ ድርሰቱን በትንሽ አምፖል እየተከተለ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከሥር ሹክ ይላል። አስታዋሹ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሷ «አባባ» ትላቸዋለች። «በቁሜ ጉድጓድ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ሞት ሲመጣ ቀድሞ የወሰደኝ ይመስለዋል» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ አጮልቃ አየቻቸውና «አባባ፣ ወረቀቱ ተዘቅዝቋል» አለቻቸው።

ሽማግሌው ወረቀቱን ቀስ ብለው አዞሩት። ከዚያ «ለማን ተናገርሽ?» አሉ።

«ለማንም።»

«ነይ ግቢ በይ።»

ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የድሮዎቹን ድርሰቶች በቃላቸው ስለሚያውቋቸው ማንም አልነቃባቸውም፤ አሁን ግን አዲስ ድርሰት መጥቶ ጨንቋቸው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትርፌ እግራቸው ሥር ተጣጥፋ እየተቀመጠች በጆሯቸው ታነብላቸዋለች፣ እሳቸው ወደ ላይ ያስተላልፋሉ። ስሟን ሲጠይቋት እኔ ያወጣሁላትን ነገረቻቸው፤ «ትርፍ» አለች። «በጎደለ ቤት ትርፍ ስድብ አይደለም» አሏት።

ደንቡንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት መጀመሪያ እንጨቱን በጣት ሁለቴ ኳ ኳ ማድረግ ነው፤ ያ ማለት «ቃሉ ያንተ ነው፣ ጆሮህን ስጠኝ» ማለት ነው። ከዚያ ቃሉን ደረቅ አድርጎ መስጠት። ለቅሶ የለ፣ ቁጣ የለ፤ ስሜቱ የተዋናዩ ሥራ ነው። ካልሰማ አንዴ ይደገምለታል። ሦስተኛ የለም። ሦስተኛውን ተመልካቹ ይሰማዋል።

አዲሱ ድርሰት ልጆቹ ዙፋኑን ስለነጠቁት ንጉሥ ነው። ንጉሡን የሚጫወተውን ግዙፍ ሰውዬ፣ ለማኝ ሆኖ ሲሠራ እንኳ ሰው «ንጉሡ» ነው የሚለው። የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጆቹ ከበው «ውጣ!» አሉት። ንጉሡ «የአባቶቼን ወንበር ለማን ትቼ!» ማለት ነበረበት፤ አፉን ከፈተ፣ ቃሉ የለም። ሽማግሌው ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን ወደ ልጅቷ አዘነበሉ። እሷ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጣጥፋ ተቀምጣ፣ ገጽ ልገልጥ ወደ አምፖሉ ልጠጋ ስትል እግሯ እምቢ አላት። «አባባ፣ እግሬ ደነዘዘ» አለቻቸው።

ጆሯቸው የገባውን ሁሉ ማሳለፍ ለምዶባቸዋል። «እግሬ ደነዘዘ» አሉ ወደ ላይ፣ ደረቅ አድርገው።

ንጉሡም የተሰጠውን መቀበል ለምዶበታል። እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ አዳራሹን በሚያናውጥ ድምፅ «እግሬ... ደነዘዘ!» አለ።

ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ!» ብላ አለቀሰች። ቀጥሎ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሰዉ ሽማግሌ አባት ከቤቱ ውጣ ሲባል እግሩ እንዴት እንደሚከዳው ያየ መሰለው። ደራሲው መጀመሪያ ፀጉሩን ሊነጭ ነበር፤ ኋላ ግን እስክሪብቶ አውጥቶ የራሱን ቃል ሰረዘና የልጅቷን ጻፈ። እስከዛሬም እንደዚያው ነው የሚባለው።

መጋረጃው ሲዘጋ ግን ሥራ አስኪያጁ ባትሪ ይዞ መጣና ጉድጓዷ ላይ አጎነበሰ። «እዚህ ውስጥ ስንት ሰው ነው ያለው? እኔ የቀጠርኩት አንድ ሰው ነው! አንዱ ትርፍ ነው!»

ልጅቷ በስሟ የተጠራች መሰላት። ደብተሯን ሰበሰበችና የደነዘዘ እግሯን እየጎተተች ልትወጣ ተነሳች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ውጪ ሲሏት መውጣት ለምዳለች። ሽማግሌው የቀሚሷን ጫፍ ያዙ።

«ትርፉ እኔ ነኝ ጌታዬ» አሉ። «ዓይኔ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ቃሉን ስታነብ የከረመችው እሷ ናት። ቦታው የሷ ነው።»

ንጉሡ ጎትቶ አወጣቸው። ሽማግሌው ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ የሰዉን ፊት ሳያዩ ለሁሉም እጅ ነሡ፣ በእናቴ ክንድ ተደግፈው ወጡ። ሥራ አስኪያጁ «እንግዲህ የሚተካ ሰው እስኪገኝ ልጅቷ ትቀመጥ» አለ። የሚተካ ሰው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተገኘም።

ያን እሑድ ቤት ስትመጣ ጉልበቷ አቧራ ለብሶ፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር። ግን ፊቷ ላይ እኛ ቤት አይቼው የማላውቀው ነገር አየሁ። «እታለም፣ ወንበር አለኝ» አለችኝ። የምን ወንበር እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳትም። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኩና መጽሐፌን ገለጥኩ። ቀናሁባት፤ እውነቱ ይህ ነው። ከኛ ቤት ገፍቼ ያስወጣኋት ልጅ ሌላ ቤት ማግኘቷ አናደደኝ።

አደግን። እኔ አገባሁ፣ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፣ ወለድኩ። እሷ አላገባችም። አዲስ ትያትር በወጣ ቁጥር ሁለት ትኬት በፖስታ አድርጋ ትልክልኛለች። «ዛሬ አይመቸኝም» እላለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንዴ ብቻ ሄጄ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳያልቅም ወጣሁ። በማግስቱ «እንዴት ነበር እታለም?» ብላ ስትደውል ሌላ የምለው ጠፍቶ «ከሥር የምታንሾካሽኪው ይሰማል፣ ይረብሻል» አልኳት። «እሺ፣ አስተካክላለሁ» አለች። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ክፋትም ሲለመድ እንደ ሰላምታ ከአፍ ያመልጣል።

የጉድጓዷ አቧራ ሳምባዋ ውስጥ ገባ። ሐኪም ቤት ስትገባ እናቴም አባቴም አልፈዋል፣ ወንድሜ ሩቅ ነው፤ ዘመድ ተብዬ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ድምፅ የሚባል አልቀረላትም፣ ሹክታ ብቻ ነው። «ለሥራዬ ይበቃል» አለችኝና ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። አልጋዋ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አበባው፣ ብርቱካኑ፣ ደብዳቤው ተቆልሏል፤ ሁሉም የትያትር ቤት ሰዎች ያመጡት ነው። እኔ የያዝኩትን ብርቱካን የማስቀምጥበት አጣሁ።

ያን ቀን ልነግራት ቆርጬ ነበር የሄድኩት። ከቤት ስወጣ ፎቶውን ቆሜ አይቼዋለሁ። ግን ስለ ሙቀቱ አወራሁ፣ ስለ ነርሶቹ አወራሁ፣ ትራሷን አስተካከልኩ፣ ደግሜ አስተካከልኩ። በመጨረሻ «ያኔ... ፎቶ ቤት የሄድን ጊዜ...» አልኩና ቃሉ ጠፋኝ። ትርፌ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችኝ።

ከዚያ ጣቷን ከአንሶላው አወጣችና የአልጋውን ብረት ሁለቴ ኳ ኳ አደረገችው።

«ይቅር በይኝ» አለች።

ክው አልኩ። «ኧረ በሞትኩት! አንቺ ምን በድለሽኝ ታውቂያለሽ?»

አይደለም በሚል ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ደግማ ኳ ኳ አደረገች። «ይቅር በይኝ።» እንባ የለ፣ ልመና የለ፣ ድርቅ ያለ ነገር ነው፤ አነጋገሯ ገርሞኛል። እኔ ግን ለሁለት የሚበቃ እንባ አፈሰስኩ። ግንባሯን ስሜ «ይቅር ብዬሻለሁ የኔ እህት፣ በቃ አትድከሚ» አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፈገግ አለችና ጣቷን መልሳ አንሶላው ውስጥ ከተተች።

በሦስተኛው ቀን አረፈች። እኔም እውነቴን ነው የምለው፣ ቀለለኝ። ይቅር ባይ ሆኜ ነበራ!

ከቀብሯ መልስ ንጉሡ ቤቴ መጣ። አርጅቷል፤ በዱላ ነው የሚሄደው። እኔ ያልነበርኩበትን፣ እዚህ የጻፍኩትን የትያትር ቤት ወሬ ሁሉ፣ የተዘቀዘቀውን ወረቀት፣ «እግሬ ደነዘዘ»ን፣ «ትርፉ እኔ ነኝ» የተባለበትን ያን ቀን የነገረኝ እሱ ነው። እየሳቀም እያለቀሰም ነበር። «የተሰጠኝን ቃል ሳልመረምር ተቀበልኩ፤ ሞኝ የሚመስል ቃል ነበር፣ ግን ሕይወቴን ሙሉ አበላኝ» አለ። ከዚያ የአስታዋሾችን ደንብ ሊያስረዳኝ ጣቱን አጥፎ ጠረጴዛዬን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገው።

«ይህ ምን ማለት መሰለሽ? ቃሉ ያንቺ ነው ማለት ነው።»

ቀሪውን አልሰማሁትም። ንጉሡ እያወራ ነው፤ እኔ ከሱ ራስ በላይ የተሰቀለውን ፎቶ አያለሁ። ቃሉ የኔ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ አፌ ላይ የጠፋብኝን ቃል፣ ተዋናይዋ እንዳትዋረድ ብላ ከሥር ሰጠችኝ። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ እሷን ይቅር አልኳት።

ሁለቴ ነው የሰጠችኝ። ሦስተኛ የለም።