ከአስፋልቱ ሥር

በሰፈራችን ሦስት ቤተ ክርስቲያኖች ነበሩ ስላቸው የዛሬ ልጆች አያምኑኝም። ትልቁ አሁን የመኪና መለዋወጫ መደብር ነው። ሁለተኛው በነበረበት ፎቅ ቆሞበታል። ትንሿ ጸሎት ቤት ግን ከነግቢዋ ዋናው መንገድ ሄደባት። ያን ጊዜ መቃብሮቹ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወሩ፣ የልብስ ሰፊዋ ሕፃን ብቻ ሳትገኝ ቀረች።

ልብስ ሰፊዋን ሁላችንም «እማማ ክር» እንላቸዋለን፤ ቀሚሳቸው ላይ ቁራጭ ክር ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ልጃቸው የሞተችው ገና አራስ ሳሉ ነበር። በገዛ እጃቸው በሰፉት ነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ከጸሎት ቤቷ ጓሮ ተቀበረች። ቆፋሪዎቹ በኋላ አፈሩን ገላብጠው «እናታችን፣ እዚህ ምንም የለም» አሏቸው። መንገዱም ተነጠፈ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ክር ያንን መንገድ ቀጥ ብለው ተሻግረውት አያውቁም። መሃሉ ላይ አንዲት ቦታ አለች፤ እሷን ላለመርገጥ ይዞራሉ። «እማማ፣ ዕድሜ ሰለቸዎት እንዴ?» እያለ ሹፌሩ ሁሉ ጥሩምባ ይነፋባቸዋል። እሳቸው የሚሰሙት ግን ሌላ ነው። የስፌት መኪናውን ሲረግጡ ቆይተው እግራቸውን ሲያነሡ፣ ከመንገዱ ሥር ሕፃን ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ የመኪና ፍሬን እኮ ነው» ትላቸዋለች አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህታቸው።

«ፍሬን ጡት ፈልጎ ያለቅሳል?»

እማማ ክርም ከመርፌው ሥር ጨርቅ ሳይኖር እንኳ የስፌት መኪናውን ማንኳኳት ለመዱ።

ዘንድሮ የውሃ መስመር ፈንድቶ መንገዱ ተቆፈረ። እማማ ክር ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ብቅ አሉ። የሠራተኞቹ አለቃ ቱግ የሚል ሰው ነው።

«እማማ፣ ይራቁ! አፈሩ ይናዳል!»

«ልጄ እዚህ ናት» አሉት።

ሰውየው ዙሪያውን የቆምነውን ተመለከተን። ማናችንም አልሳቅንም። ከጉድጓዱ ግድግዳ የጸሎት ቤቷ ደረጃ፣ የተጠረበው ድንጋይ፣ ግማሹ ወጥቶ ይታያል። አለቃው እሱን አየና እስካቫተሩን አስጠፋ። መሰላል አስመጥቶ፣ እጃቸውን ይዞ ራሱ አወረዳቸው።

እማማ ክር ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አኖሩ።

«እናትሽ ነኝ» አሉ። «ትቼሽ አልሄድኩም። መንገዱ ነው የመጣብን።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ደቀኑ። አለቃው የሥራ ቆቡን አውልቆ ፊቱን አዞረ። ከላይ የቆምነው ሁሉ እኛም አብረን እናዳምጥ ነበር።

ሲወጡ እህታቸው አቧራውን እያራገፈችላቸው «ምን ሰማሽ?» አለቻቸው።

«ዝም አለች።»

«እሰይ! ተገላገልሽ በያ!»

«ምኑን ተገላገልኩት? ስታለቅስ እኮ የት እንዳለች አውቅ ነበር።»

ቧንቧው ተጠግኖ አስፋልቱ እንደገና ተነጠፈ። ልጅቷ ስም ሳይወጣላት ነበር የሞተችው፤ ሁለቱ እህትማማቾች አሁን አወጡላት። ማን እንዳሏት ለሰው አልተናገሩም። በመስኮታቸው ሥር ሳልፍ አንዳንዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጠሯት እሰማለሁ። ጠርተው ሲያበቁ ሁለቱም ጸጥ ብለው ይጠብቃሉ። እኔም፣ ምን እንደሚይዘኝ እንጃ፣ እግሬ አልራመድ ይለኛል።