ኩሽና ውስጥ ያለው ሰውዬ

ከርቲስ ናይጋርድ አርባ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ የሚያውቀው ሥራ ወተት መጫን ነበር። ጎህ ሳይቀድ ቦቴውን አስነስቶ ከበረት በረት ይዞራል፣ ወተቱን ስቦ አይብ ፋብሪካው ያደርሳል፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። የዊስኮንሲን ገበሬዎች አንድ በአንድ ላሞቻቸውን ሲሸጡ ግን ፋብሪካው ተዘጋ። ከርቲስም የቦቴውን ቁልፍ አስረክቦ ቤቱ ቁጭ አለ።

"ኤልም ፎርክ ከተማ ፖሊስ ይቀጥራሉ አሉ፤ ለምን አትሞክርም?" አለችው ሚስቱ።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ማሰልጠኛ ገብቶ ልጆቹ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር ሲሮጥ ከረመ። ካቴና ማሰር፣ መኪና አሳድዶ ማስቆም፣ ዒላማ መምታት ተማረ። ተመርቆ ኤልም ፎርክ ሲመደብ ከተማረው ውስጥ አንዱን እንኳ የሚፈልግበት ሰው አጣ።

የኤልም ፎርክ ፖሊስ ማለት ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለች አንዲት የጡብ ቤት ናት። አዛዧ አብዛኛውን ቀን ከከተማው ምክር ቤት ጋር ስለ በጀት ስትከራከር ትውላለች። ተረኛውን የሚመድበው፣ አዲሱን የሚያሰለጥነው፣ ያጠፋውን የሚቆጣው ሳጅን ዎይሲክ ነው። ከሱ በታች በፈረቃ የሚዞሩ ጥቂት ፖሊሶች አሉ። መርማሪ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ልጆች ያሻግራል፣ ሌባ የሚፈልገው ከሰዓት በኋላ ነው። እስር ቤት የላቸውም፤ የተያዘ ሰው በመኪና ወደ አውራጃው ይወሰዳል። የአደጋ ጥሪ የሚቀበለውም አውራጃው ነው፤ በሬዲዮ ያስተላልፍላቸዋል። የኤልም ፎርክ ሰው ግን አውራጃ ደውሎ አያውቅም። የሚደውለው ለቤቭ ነው።

ቤቭ የጣቢያው መስኮት ጋ ስልክ ለመቀበል የምትቀመጠው ሴትዮ ናት። ዩኒፎርም የላትም። ከተማው ውስጥ ግን የማታውቀው በር፣ ስሙን የማትጠራው ውሻ የለም።

ከርቲስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ እንደተጋባ ከረመ። መኝታ ቤቷ የሌሊት ወፍ የገባባት ሴት ጋ ላኩት። ከወንበር የወደቀ ወፍራም ሰውዬ ደግፎ አስነሳ። ክረምቱን ሞቃት አገር የሚያሳልፉ ባልና ሚስት ቤት እየሄደ የውሃ ቧንቧው በቅዝቃዜ አለመፈንዳቱን ያይ ነበር። አንዱ ደውሎ የበዓሉ ሰልፍ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቀው።

"ቤቭ፣ ይሄ የፖሊስ ሥራ ነው እንዴ?" አላት።

"ታዲያ የማን ሊሆን ነው?" አለችና ሌላ ስልክ አነሳች።

የሃልቮርሰን ቤት ነገር የመጣው እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው። ወይዘሮ አርዲስ ሃልቮርሰን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው የሄደ ሴት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሲሆን የገዛ ባላቸውን ሎይድን አይለዩአቸውም። "ኩሽናዬ ውስጥ የማላውቀው ሰውዬ አለ" ብለው ይደውላሉ። መጀመሪያ ላይ ሎይድ አፍረው፣ ተናደው፣ ሊያስረዷቸው ሞክረው ነበር። አልሆነም። በኋላ ሳጅኑ መላ አገኘ። ፖሊስ ይሄድና "ሰውየውን"፣ ማለትም ሎይድን፣ በጓሮ በር ያስወጣል። ጋራዡን ያዞራቸዋል። ጋራዡ ውስጥ ምስማር ላይ የተሰቀለ የሎይድ ቆብ አለ። ሎይድ ያንን ያደርጉና በፊት ለፊት በር ይገባሉ። "እንኳን መጣህ፣ አንድ ሰውዬ ገብቶብኝ ነበር" ይላሉ አርዲስ። ከዚያ ሁሉም ሰላም ይሆናል።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ቀን ሳጅኑ ለምስክርነት ፍርድ ቤት ሄዶ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"አርዲስ ናት" አለች ቤቭ። "ዛሬ አንተ ነህ የምትሄደው። ሳጅን ነግሮሃል አይደል?"

"በጓሮ አውጣ፣ ቆብ አድርግለት፣ በፊት አስገባ።"

"ደግሞ አትከራከራት።"

ከርቲስ ሎይድን አይቷቸው አያውቅም። ይህንን ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም ለመናገር አላሰበም።

ቤቱ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። አርዲስ የወንድ ካፖርት ደርበው በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁት።

"ሰውየው ቤቴ ገብቷል" አሉት።

"አውቃለሁ፣ ወይዘሮ አርዲስ።"

"እንዴት አወቅህ?"

ከርቲስ ጥያቄውን አልፎ "የት ጋ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"አንዱ ኩሽና ነው። አንዱ ታች ነው። ተነስ ብለው አልነሳም አለኝ።"

ከርቲስ ቆም አለ። ስለ ሁለት ሰው የነገረው የለም። ታች ያሉት ሐይቁ ጋ መስሎት ቁልቁል አየ፤ ባዶ ነው። አትከራከራት ተብሏልና "እሺ፣ እናየዋለን" ብሎ ገባ።

የቤቱ ሬዲዮ ተለቅቆ ይጮሃል። ኩሽናው ውስጥ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ በካልሲ ቆሞ እንቁላል ይጠብሳል። ለሰማንያ ዓመት ሰው ቀጥ ብሏል። ከርቲስ ይህን ልብ ብሏል። በዚህ አካባቢ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት የፈለጠ ሰው እንዲህ ይሆናል ብሎ አለፈው።

"ሎይድ፣ ደህና ዋሉ? ከርቲስ እባላለሁ፣ አዲሱ ነኝ። እንውጣ?"

ሰውየው ዞሮ ዩኒፎርሙን አየ። ፊቱ ቀስ ብሎ ተቀየረ። "ወዴት?"

"በጓሮ በር ነዋ። እንደ ሁልጊዜው።"

"እንደ ሁልጊዜው" አለ ሰውየው። ምድጃውን አጠፋ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ምንም ሳይል ቀድሞ ወጣ።

ከርቲስ ደስ አለው። ሥራውን የለመደው መሰለው።

ጋራዡ ጋ ሲደርሱ ሰውየው ቆመ። "ሽማግሌው ነው የላከህ፣ አይደል?"

ሽማግሌው ያለው ሳጅን ዎይሲክን መስሎታል ከርቲስ፤ ሳጅኑ ጡረታ ሊወጣ ነውና ጣቢያው ውስጥ እንዲያ እያሉ ያበሽቁታል። "አዎ፣ እሱ ነው የነገረኝ።"

"ፊቴን አይቶ መናገር ምን ነበረበት? ከሰሜን ዳኮታ ድረስ ነድቼ መጥቼ!"

ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? ከርቲስ ነገሩ አልገጠመለትም። ምናልባት የባልየውም አእምሮ መድከም ጀምሯል ብሎ አዘነላቸው። የሚያውቀውም የተነገረውን መፈጸም ብቻ ስለሆነ ቆቡን ከምስማሩ አውርዶ ሰጠው።

"ይቺን ያድርጉና በፊት ለፊት በር እንግባ።"

ሰውየው ቆቡን አየ፣ ከርቲስን አየ። "ጤነኛ ነህ አንተ?"

"ለሳቸው ሲሉ እባክዎ" አለ ከርቲስ በልመና።

ሰውየው ቆቡን አደረገ። ለምን እንዳደረገ በኋላም በደንብ ማስረዳት አልቻለም። በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ፖሊስ ይዞታል፤ ተቃውሞ ያተረፈው ነገር የለም። በፊት ለፊት በር ገቡ። አርዲስ ሳሎኑ መሃል ቆመዋል።

"ይኸው ሎይድ መጣ" አለ ከርቲስ።

አርዲስ ጠጋ አሉ። ቆቡን አዩ፣ ከቆቡ ሥር ያለውን ፊት ረጅም ጊዜ አዩ።

"ይሄ ሎይድ አይደለም" አሉ። "ይሄማ ዴል ነው። ልጄ ነው። ከስተሃል፣ ዴል።"

ሰውየው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ጠዋት ሲመጣ እናቱ አላወቁትም ነበር፤ ማነህ ብለው በፎጣ መትተውታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እግሩ ያልረገጠው ቤት ነው። ድሮ በመጠጥ ምክንያት ከአባቱ ተጣልቶ፣ አባትየው ፖሊስ ጠርተው አስወጥተውት ነበር የሄደው። አሁንም ያው የተደገመ መስሎት ነበር። "እማ" አላቸው።

ከርቲስ መሃል ላይ ቆሞ ቀረ። ማዘን ይሁን ማፈር እንዳለበት አላወቀም።

"ታዲያ ሎይድ ማነው?" አለ።

"አባቴ ነው" አለ ዴል።

"የት ናቸው?"

"ጠዋት ስጠይቃት ታች ነው አለችኝ። መኪናው ደግሞ የለም። ሐይቁ ወርዶ ዓሣ የሚያጠምድ መስሎኝ።"

"ነገርኳችሁ እኮ" አሉ አርዲስ፣ እንደ መሰልቸት ብለው። "ታች ነው። የማላውቀው ሰው ስለሆነ በሩን ቆልፌበታለሁ።"

ሁለቱ ወንዶች ወደ ኩሽናው ሮጡ። ከኩሽናው ጎን ያለው የምድር ቤቱ በር መቀርቀሪያው ተወርውሯል። ከርቲስ ሬዲዮውን ዘጋው፣ መቀርቀሪያውን ሳበ፣ መብራቱን አበራ።

ሎይድ ሃልቮርሰን ከደረጃው ሥር፣ ትልቁ ማቀዝቀዣ አጠገብ በጀርባቸው ተንጋለዋል። መኪናቸው ጥገና ገብቶ ነበር፤ እሳቸው ጠዋት ሥጋ ሊያወጡ ወርደው ነው የወደቁት። አንድ እግራቸው ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። እስከ አገጫቸው ድረስ ግን በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ራስጌያቸው ላይ ትራስ፣ ከትራሱ አጠገብ ቅቤ የተቀባ ዳቦ በሳህን አለ። አርዲስ ናቸው ያመጡላቸው። የማያውቁትን ሰው አልብሰው፣ ምግብ አቅርበው፣ ከዚያ ወጥተው ቆልፈውበታል።

"ተጣራሁ" አሉ ሎይድ በደከመ ድምፅ። "ሬዲዮው ነው መሰለኝ።" ከዚያ ዓይናቸው ከከርቲስ ኋላ ወዳለው ሰው ሄደ።  ዴል ወርዶ አጠገባቸው ተንበረከከ።

"ቆቤን አድርገሃል" አሉት።

"አዎ" አለ ዴል።

ከርቲስ በመገናኛ ሬዲዮው አውራጃውን ጠራ። የአውራጃዋ ጥሪ ተቀባይ "ቤቭ ያስመዘገበችው ጥሪ ቤት ሰብሮ የገባ ሰው ነበር፤ አሁን ምንድነው?" ብላ ጠየቀችው። "የገባ የለም" አለ። "አለ፤ ግን ልጃቸው ነው። አምቡላንስ ላኩ።" እሷም ግራ ገብቷት ሁለቴ አስደገመችው። አምቡላንሱ እስኪመጣ ዴል መሬት ላይ ተቀምጦ የአባቱን እጅ ይዞ ነበር። ከርቲስ ከላይ ከአርዲስ ጋር ሆነ። አርዲስ የቀረውን እንቁላል እንዲበላ አጥብቀው ለመኑት፤ በላላቸው።

ማታ ሳጅን ዎይሲክ ከፍርድ ቤት ሲመለስ ከርቲስ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀምጦ አገኘው።

"እኔ ጋራዥ ስዞር ሰውየው እዚያ ብርድ ላይ ነበሩ" አለ ከርቲስ። "አንዱ ታች ነው ብለውኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ሰምቼ ተውኩት።"

ሳጅኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሎይድን ታውቀዋለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁህም። እሱ የኔ ጥፋት ነው።"

"ሁለት ናቸው ሲሉኝ መቁጠር ነበረብኝ።"

"እሱ ያንተ ነው" አለ ሳጅኑ። አላጽናናውም፣ አልተቆጣውምም። "ከነገ ጀምሮ ከቤቭ ጋር ትዞራለህ። ቤት ለቤት፣ ሰው ለሰው።"

እንደተባለውም ሆነ። ቤቭ መስኮቷን ዘግታ አንድ ሳምንት በከርቲስ መኪና ተቀምጣ አዞረችው። የትኛው ሽማግሌ ጆሮው እንደማይሰማ፣ የቱ ቤት ልብ ሕመምተኛ እንዳለ፣ የማን ልጅ ከማን እንደተጣላ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ አዛዧ ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ ይህንን ደንብ አደረገችው። ከርቲስ ግን ሰው ባወቀ ቁጥር ነገሩ የሚጠራለት መስሎት ነበር፤ ጭራሽ ተወሳሰበበት። ትናንት የፍጥነት ገደብ አልፈሃል ብሎ የቀጣው ሰው ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ምሳ ግብዣ ላይ ድንች ያቀብለዋል።

ሎይድ ዳሌያቸው ተጠግኖ ከገና በፊት ቤታቸው ገቡ። ዴል ወደ ሰሜን ዳኮታ አልተመለሰም፤ የድሮ ክፍሉ ውስጥ ቀረ፣ የከብት መኖ መፍጫው ጋ ሥራ ያዘ። አባትና ልጅ ስላለፈው ነገር ሲያወሩ የሰማ የለም። አርዲስ መደወላቸውን አልተዉም። አንዳንድ ቀን ባዕዱ ሎይድ ነው፣ አንዳንድ ቀን ዴል፣ አንዳንዴ ሁለቱም። ከርቲስ እየሄደ ክፍል በክፍል ያያል፣ ምድር ቤት ድረስ ይወርዳል፤ የሚያስወጣውን ሰው ግን እሳቸው ራሳቸው ጠቁመው እስኪያሳዩት ይጠብቃል። አንድ ቀን እሱን ራሱን ጠቆሙት። ወጣ።

በሁለተኛው ዓመት መኸር አርዲስ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ። ሎይድ በየቀኑ ይጠይቋቸዋል። አርዲስም "ደግ ሰውዬ ነው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ" እያሉ ለነርሶቹ ያወሩላቸዋል። ሎይድ ከወደቁ ወዲህ መኪና አይነዱም፤ ዴል ሥራ ሲውል የሚያደርሳቸው ከርቲስ ነው። ማንን እንደሚያስፈቅድ ስላላወቀ ማንንም አላስፈቀደም። መንገድ ላይ ብዙ አያወሩም። ሎይድ ሐይቁ መቼ በረዶ እንደሚሆን ይገምታሉ፣ ከርቲስ ደግሞ መንገዱ እንዳያንሸራትተው ዓይኑን ሳይነቅል ይነዳል።