የነፃነት በዓል በሄንደርሰን

ካዚኖ ሆቴል ውስጥ አብረውኝ ክፍል የሚያጸዱ አንዲት ኤርትራዊት ነበሩ። አዲስ አበባ ስላደጉ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። መኪና ስለማይነዱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ «እትዬ» ነበር የምላቸው።

ባለፈው ግንቦት የአገራቸው የነፃነት በዓል ሲደርስ፣ ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ወደተከራዩት አዳራሽ አብሬያቸው እንድገባ ለመኑኝ።

«ሰዉ ቅር አይለውም?» አልኳቸው። ነፃ ወጣን የሚሉት ከኛው አገር ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሊነሳ ነው ይባል ነበር።

«አብረን እየሠራን በዓል ለየብቻ ምን ይሉታል? ማንም ቢጠይቅሽ የኔ እንግዳ ነሽ።»

በሩ ላይ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰውዬ የሚገባውን ሁሉ በስልኩ ይቀርጻል። በትግርኛ ሰላም ሲለኝ እትዬ ቀድመው መለሱልኝ። መዝሙሩ ሲጀመር ቆመው አለቀሱ፤ እኔም ቆምኩ። ሰው ሁሉ ወደ ባንዲራው ዞሯል። የሰውዬው ስልክ ግን ወደኛ ጠረጴዛ ነው። አንገቴን ደፋሁ።

«ቀና በይ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ስትደበቂ ነው የምትታዪው።»

ስንወጣ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ሰውዬው ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ከመኪናዬ ኋላ ታርጋው ጋ ቆሟል።

«ያንቺ ናት?» አለኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«አዎ።»

«ጥሩ መኪና ናት» ብሎ ሄደ። እትዬ ቤታቸው እስክንደርስ በጎን መስታወቱ ወደኋላ ያዩ ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሳህናቸውን ሳይነኩ አጠገቤ ተቀመጡ።

«አስመራ ያለችው እህቴ ደወለች። ‹በዓሉ ላይ አብራሽ የነበረችው ማን ናት?› አለችኝ። ፌስቡክ አታውቅ፣ ኢንተርኔት የላት። ማን ነገረሽ ስላት፣ ‹ቤት የመጡ ሰዎች ናቸው፤ በትህትና ነው የጠየቁኝ› አለች።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«ስሟን አላውቅም አልኳት። እህቴን ዋሸሁ።»

ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ መሄድ ጀመሩ፤ ሺፍታቸውንም አስቀየሩ። ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ ዓይናቸውን ከጽዳት ጋሪያቸው ላይ አያነሱም። እንደፈሩልኝ ይሁን እንደፈሩኝ ለይቼ አላወቅኩም።

ነሐሴ ላይ ሊፍት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆንን። ሰላም አልኳቸው። ጥግ ላይ ያለውን ካሜራ ቀና ብለው አዩና፣ ከንፈራቸው እምብዛም ሳይንቀሳቀስ «የእህቴ ስልክ ከተዘጋ ሦስት ሳምንቱ ነው» አሉ። በሩ ሲከፈት ጋሪያቸውን ገፍተው ወረዱ።

የሚወርዱበት ፎቅ ግን ያ አልነበረም፤ የተጫኑት ቁጥር ገና እንደበራ ነው።