«አይ፣ እሱ ይግባ» ያልኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ለንደን በአውቶቡስ ወደ ሃክኒ ስሄድ፣ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ያጠለቁ ተማሪዎች ጭቃ ላይ ሲላተሙ አየሁ። መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ። ብርዱ ጉልበቴን እየጠዘጠዘኝ አጥር ተደግፌ ቆምኩ፤ አንድ ቀጭን ልጅ ኳሷን ታቅፎ ሲፈተለክ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

በእኛ ጊዜ የአሜሪካን ፉትቦል እንኳን ለአበሻ ለእንግሊዙም ብርቅ ነበር። ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት የኮሌጁ ቡድን ፈጣን ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ሳልሮጥ አጨበጨቡልኝ። እኔ እስከዚያ ቀን የሮጥኩት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው። ደግነቱ አላሳፈርኳቸውም። የሰጡኝ ሥራ ኳሷን ተቀብሎ በግዙፍ ሰዎች መሃል ሰንጥቆ መውጣት ነበር፤ ጨዋታ የሚጀምረው ሯጭ ግን አንድ ብቻ ነው። ለዚያች ቦታ እኔና በረከት ተፋጠጥን።

በረከት እዚሁ ለንደን፣ ስቶክዌል ያደገ የአበሻ ልጅ ነው። እኔ እፈጥናለሁ፣ እሱ ይጠነክራል። መኸሩን ሙሉ እየተገፋፋን ከረምን፤ ከልምምድ በኋላ ግን ኮምጣጤ የጠገበ ትኩስ ቺፕስ ከአንድ ወረቀት እንበላለን፣ ስለ ቦታዋ አንድም ቃል ሳንተነፍስ። እንዴት እንደፈለግኳት! ብቻዬን ተሰድጄ የመጣሁ ልጅ ነበርኩ፤ በዚህ አገር ወረፋ እንጂ ቦታ ኖሮኝ አያውቅም።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ሁለት ቀን ሲቀረው አሰልጣኙ ሁለታችንን ጠራን።

«ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ፤ እኔ ግን ወዳንተ አዘንብያለሁ» አለኝ። «ቅዳሜ ትጀምርልኛለህ?»

ልቤ ዘለለች። አፌ ግን አስተዳደጌን ተናገረ። «አይ፣ ኮች፣ እሱ ይግባ። እሱ ይሻላል።»

በእኛ ደንብ «ኧረ አይሆንም!» ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔም ትንሽ ተግደርድሬ፣ ሦስተኛው ላይ አንገቴን ደፍቼ እሺ እላለሁ። ማዕድ ቀርቦ «በልቻለሁ» ያለ ሁሉ በልቷል ከተባለ እኮ አበሻ በረሃብ ባለቀ ነበር። ታዲያ ፈረንጅ «አፈር ስሆን» ማለትን ከየት ይማረው? «ኦኬ፣ ጨዋ ሰው ነህ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና የበረከትን ስም ጻፈ።

ክው አልኩ። ስትግደረደሪ ጦም አትደሪ የሚሉት ለካ ለእኔ ነው። በረከት አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር።

«ኮች፣ ደግመህ ጠይቀው» አለ።

«አልፈልግም አለኮ!»

«አላለም። እኛ ቤት የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም። እናቴ እንግዳ ስትጋብዝ ሦስት ጊዜ ነው የምትለምነው።»

አሰልጣኙ ግራ እንደተጋባ ዞረ። «ትጀምራለህ?»

«አይ፣ እሱ…» አልኩ። ልማድ ነዋ!

በረከት በአማርኛ ጮኸብኝ። «አንተ! ሲሪየስሊ፣ በቃህ! አሁን እሺ ካላልክ ቦታዋን እኔ ቴክ አደርጋታለሁ!»

ሦስተኛው ጥያቄ መጣ። «እሺ» አልኩ። ከእፎይታ ብዛት እርጥቡ ሣር ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀምጬ እያለቀስኩ ሳቅኩ። ቅዳሜ በሰፊው ተሸነፍን። እኔ ግን ስሜ ተጠርቶ ስለገባሁ ያሸነፍኩ ያህል ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በረከትን ለምን ዝም እንዳላለ ጠየቅኩት።

«ቦታዋንማ ፈልጌያት ነበር» አለኝ። «ግን በሩጫ በልጬህ እንጂ በይሉኝታህ ገብቼ ልወስዳት አልፈለግኩም።»

አጥሩን ለቅቄ ወደ ፌርማታው ስመለስ ይህንኑ አሰብኩ። እኔ ዛሬም አንድ ነገር ሲሰጡኝ መጀመሪያ የምለው «አይ» ነው፤ ይህ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ሰው «አይ፣ ይቅርብኝ» ሲለኝ ግን ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ፈረንጅም ቢሆን። አንዳንዱ ይበሳጫል። አንዳንዱ ግን ዙሪያውን ቃኘት አድርጎ፣ ሦስተኛው ላይ «እሺ» ይለኛል።