የዓርቡ የሩዝ ዘፈን

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም፤ እናቴ ደግሞ ጭራሽ አታምንም። ስለዚህ ሆላንዳዊቷ ደብረ ማርቆስ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሰርቪሱን የተከራየች ጊዜ ሁለታችንም ከመስኮት አልጠፋንም። ሥራዬ ሮብ ገበያ በኩል ለገበሬ አዲስ የድንች ዘር ማላመድ ነው አለችን። እናቴ "ለድንች ብላ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ?" ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ሁዳዴ ገባ። እኛ ቤት በሁዳዴ ዘፈን የለም፤ ሬዲዮኑ እንኳ ዜናውን ተናግሮ ይዘጋል። ሆላንዳዊቷ ግን ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ቡታጋዟን ለኩሳ፣ ስልኳን መስኮቱ ላይ አቁማ ዘፈን ትከፍታለች። ሁልጊዜ ያው አንድ ዘፈን ነው። የሴት ድምፅ ነው፣ ዜማው ያስጨፍራል፤ እሷ ግን ሩዟን እያማሰለች አብራ ስትዘፍን ዓይኗ እንባ ያቀርራል። መጀመሪያ "የሽንኩርቱ ነው" ብዬ ነበር። ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላም እንባው አልቆመም።

በጭፈራ ዜማ የሚያለቅስ ሰው አያሳምነኝም። እናቴማ ወዲያው ቆረጠችው። "በጾም፣ በዓርብ፣ ድስት ላይ ቆመው እያለቀሱ የሚሉት ነገር ጸሎት እንጂ ዘፈን አይደለም" አለች። ጸሎት ከሆነ ደግሞ የማን ስም እንደሚጠራበት አናውቅም፤ የሌላ እምነት ስም የተጠራበት ምግብ እኛ ዘንድ አይቀመስም። ሆላንዳዊቷ ሁለት ጊዜ በሳህን ብትልክልን እናቴ በፈገግታ ተቀብላ ለውሻው ሰጠችው። ውሻው በጣም ወደደው፤ እሱንም በጥርጣሬ ማየት ጀመርን።

በኋላ እናቴ "ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ትልቀቅ። ፈረንጅኛውን የምትችይ አንቺ ነሽ፣ ንገሪያት" አለችኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔ ትዝ የሚላት እንዲህ ያለ ክፉ መልእክት ሲኖር ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ዘፈኑ ተከፍቷል። መልእክቴን ሳልጀምር ጥርጣሬዬ ቀደመኝና ምን እንደሚል ጠየቅኳት። ስልኩን አቁማ ፈታችልኝ። አንዲት የኢንዶኔዥያ ሴት ሆላንድ አግብታ የባሏ ዘመዶች የተቀቀለ ድንች ያቀርቡላታል፤ እሷም በአፏ "ይጣፍጣል" እያለች በልቧ ሩዝ ትጠብሳለች። ቃሪያ ትጨምራለች፣ ሽንኩርት ትጨምራለች፣ ከላይ እንቁላል ታስቀምጣለች። ዘፈኑ ይኸው ነው። እግዚአብሔርም ሰይጣንም የሉበትም።

"ታዲያ ምኑ ያስለቅሳል?" አልኳት።

የሆላንዳዊቷ እናት የተወለደችው ሆላንዶች ኢንዶኔዥያን ይገዙ በነበረበት ጊዜ እዚያው ነው። ግዛቱ ሲያበቃ ቤተሰቡ በመርከብ ተጭኖ ብርድ አገር ገባ። ከዚያ አገር ከሁሉ በላይ ያልተለያቸው ምግቡ ነበር፤ እናቷም ዓርብ ዓርብ ሩዝ እየጠበሰች ይህን ዘፈን እየሳቀች ትዘፍነው ነበር። "ከሞተች ዛሬ ዓመቷ ነው" አለችኝ። ከዚያ ሳህን ሞልታ ሰጠችኝ። "ጾመኞች ስለሆናችሁ እንቁላሉን ትቼዋለሁ፣ እናቴ ብታይ ግን ትቆጣኝ ነበር" አለች።

የተላክሁበትን ሳልናገር ሳህኑን ይዤ ተመለስሁ። ሆዴ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነም፤ ልናስወጣት መሆናችንን አውቃ ይሆን እናቷን ያነሳችው እያልኩ ነበር።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ነገርሻት?"

"እማ፣ የእናቷ ሙት ዓመት ነው። ይህ የተዝካሯ ነው። ለጾማችን ብላ እንቁላሉን ትታዋለች፤ እናቷ ብታይ ትቆጣት ነበር አለች።"

ለሟች ነፍስ የወጣ ምግብ እኛ አገር አይመለስም። እናቴ ሳህኑን አየችው። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ሲመጣ በእግሯ ገፋችው። "ያኔ የላከችውስ?" አለች ቀስ ብላ።

እጇን ታጠበች። ሳህኑ ላይ አማተበች፣ እንደገና አማተበች፤ ጥርጣሬው ገና አልለቀቃትም። አንድ ጊዜ ጎርሳ ስታበቃ ግን ለማታውቃት ሴት "ነፍስ ይማር" አለች። እኔም ተቀመጥኩና በላሁ።

"ቤቱንስ ምን ልበላት?" አልኩ።

"ለፋሲካ እንቁላሉን ጨምራ ትሥራው በያት" አለች። "እናቷን አታስቆጣ።"