የጥቁሯ በጌ ባና

ትናንት ታላቅ ወንድሜ ልጆቹን ይዞ ከደብረ ብርሃን መጣ። ለእማዬ ይሙቃት ብሎ አሮጌውን ባና ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገላት። መንገድ ላይ ዝናብ ነክቶት ኖሮ፣ የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ቤቱን ሞላውና ልጅነቴ መጣብኝ።

የጥቁሯ በጌ ጠጉር ነበር። የተሸለተች ዕለት እማዬ «ፍተዪው፣ ለራስሽ ባና ይወጣዋል» አለችኝ። ክረምቱን ሙሉ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ፈተልኩ። እንዝርቱ ሲሾር ደስ ይለኝ ነበር። ክሩ ሸማኔ ቤት ሄዶ ባና ሆኖ ሲመጣ፣ የመንዝ ውርጭ ሳይነካኝ አንድ ሌሊት ተኛሁ።

ጠዋት ወንድሜ ለትምህርት ወደ መሐል ሜዳ ሲነሳ፣ እማዬ ባናውን ከላዬ ገፍፋ አጣጥፋ አሸከመችው።

«የኔ ነው እኮ!» አልኩ።

«ዝም በይ! እሱ ሰው አገር ነው የሚያድረው። አንቺማ የት ትሄጃለሽ? ምድጃሽ አለልሽ።»

ስለ ብርዱ የምታወራ መስሎኝ ነበር። የሰፈሩን ትምህርት ቤት ጨርሼ እንደ እሱ ወደ መሐል ሜዳ የሚሸኘኝ ሳጣ ነው የገባኝ። ምድጃውን አላማርረውም፣ አሙቆኛል። ስለ እንዝርቱም ተመስገን እላለሁ፤ ዛሬም ሲመሽ እሱን ሳሾር ነው ልቤ የሚያርፈው።

ትናንትም እየፈተልኩ ነበር። ወንድሜ ባናውን እየዳበሰ ለልጆቹ «ይኸን እማዬ ናት የፈተለችልኝ» አላቸው። እንዝርቴን ይዤ እማዬን አየኋት።

እሷ ግን እሳቱን እያየች «አዎ ልጆቼ፣ ክረምቱን ሙሉ» አለች።